የአንድ ጥበቃ ዋጋ ስንት ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

ሳምንታዊው የሥራና የንግድ ትምህርት ዝግጅታችን እነሆ ጀምሯል። ወረቀትና እስክርቢቶ ቅርባችሁ ካለ ያዙ። ከሌለም አትጨነቁ፣ ቁጥሮቹ ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም ደጋግሜ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ኤጀንሲ ነው። ወደ ዓረብ አገር ሰው የሚልከውን ማለቴ አይደለም። እዚሁ አገር ቤት ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ሾፌር፣ አስተናጋጅ፣ ጫኝና አውራጅ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት የሚያቀርበውን ነው። «የኤጀንሲ ሠራተኛ ነኝ» ሲባል ሰምታችሁ የለም? እሱን።

(ሙዚቃው ይጠፋል)

መቀሌን በዓይነ ኅሊናችሁ ዞር ዞር በሉባት። ከሐውልቲ ወደ ዓዲ ሓቂ፣ ከዚያ በዓይደር አድርጋችሁ ወደ ቀዳማይ ወያነ እለፉ። የባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ ሰው ቆሟል። የእርዳታ ድርጅት ግቢ በር ላይም ቆሟል። ሆቴሉ ውስጥ ወለል የምትወለውለው እህት አለች። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከሚሠሩበት ቤት ሳይሆን ከኤጀንሲ ነው።

ሥራው ከትግራዩ ጦርነት በኋላ እንዴት እንደተመለሰም ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ ላይ አውሮፕላኑ ወደ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ እንደገና መብረር ጀመረ፤ ባንኮችም መከፈት ጀመሩ። በር በተከፈተ ቁጥር በሩን የሚጠብቅና ደጁን የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል። ሥራ የሚፈልገው ወጣት ደግሞ በዝቷል። ስለዚህ ትንሽ ካፒታልና ሰው የማስተባበር ችሎታ ያለው ሁሉ «ኤጀንሲ ልክፈት» ቢል አይፈረድበትም።

ይክፈት። ግን የመጀመሪያው ደንበኛ ፊት ሲቀመጥ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። «ለአንድ ሰው ስንት ታስከፍላለህ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

(አጭር ዝምታ)

አብዛኛው ሰው የሚመልሰውን ልንገራችሁ። «ደመወዙ ላይ ሃያ በመቶ ጨምረህ ትከፍለኛለህ» ይላል። ቀላል ነው፣ ደንበኛውም ወዲያው ይገባዋል። ነገር ግን ብዙ ጀማሪ ኤጀንሲ በዓመቱ በሩን የሚዘጋው በዚህችው መልስ ነው። ካልዘጋም ከሠራተኛው ጉሮሮ እየነጠቀ ይቆያል። ሁለቱንም ዛሬ እናያለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንስማማ። ለኤጀንሲው የሚከፍለው ማን ነው? ሠራተኛው ነው? አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም፣ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ የማይቀበል ነው ይላል። «በተዘዋዋሪ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። «የመመዝገቢያ»፣ «የዋስ ማጣሪያ»፣ «የመጀመሪያ ወር ግማሽ ደመወዝ» እያሉ መቁረጥ በሌላ መንገድ ዞሮ እዚያው መግባት ነው። ትርፋችሁ የሚመጣው ከደንበኛው ነው። እደግመዋለሁ፦ ትርፋችሁ የሚመጣው ከደንበኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ፊት የምትጠሩት ዋጋ ካነሰ፣ ጉድለቱን የምትሞሉበት ሕጋዊ ኪስ የላችሁም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ።

ስዋ ጠምቀው የሚሸጡ እናት የአንዱን ብርጭቆ ዋጋ ሲያወጡ እህሉን ብቻ አይቆጥሩም፤ ጌሾው፣ ማገዶው፣ ውሃው፣ የሚሰነጠቀው ጋን ሁሉ ይታሰባል። ኤጀንሲም እንዲሁ ነው፤ ደመወዙ እህሉ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ጥበቃ ደመወዝ 6,000 ብር ነው እንበል። ይህን ቁጥር የመረጥኩት ለሂሳብ እንዲመች ብቻ ነው። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ገና የለም፤ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋም ቢልም ወለሉ አልተነጠፈም። እናም እናንተ የየራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።

6,000 ብር። ከዚህ ላይ ምን ይጨመራል?

አንደኛ ጡረታ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ያዋጣል። አሠሪው ማን ነው? ባንኩ ነው? አይደለም፤ ውሉን ከሠራተኛው ጋር የፈረመው ኤጀንሲው ነው። የ6,000 ብር 11 በመቶ 660 ብር ይሆናል። 6,660 ደረስን።

ቀጥሎ የዓመት ፈቃድ አለ። ሠራተኛው በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ አገልግሎቱ ሲጨምር ቀኑም ይጨምራል። እሱ ወደ አድዋ ቤተሰቡ ጋ ሲሄድ የባንኩ በር ሰው አልባ አይሆንም። ተተኪ ታቆማላችሁ፣ ለሁለት ሰው ትከፍላላችሁ። የአሥራ ስድስቱን ቀን ወጪ በዓመቱ ወራት ብታከፋፍሉት በወር 300 ብር ገደማ ይደርሳል።

በዓልስ? እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ዒድ። ጥበቃ በበዓል ቀን ቤቱ አይውልም። በሕዝብ በዓል ለሠራበት ሰዓት ደግሞ በሕጉ ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል። በወር 200 ብር እንያዝለት።

ሕመም ደግሞ አለ። የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሁለት ወር ግማሽ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትም የአሠሪው ዕዳ ነው። ሁሉም አይታመምም፣ ግን አንዱ ይታመማል። ለዚህ 140 ብር እናስቀምጥ። የደንብ ልብስ፣ ጫማ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ባትሪ፣ ይህ ሁሉ በወር ሲከፋፈል 300 ብር ቢሆን፣ ድምሩ 7,600 ብር መጣ።

ቢሮ አላችሁ አይደል? ሌሊት በባጃጅ እየዞረ «አለህ ወይ?» የሚል ሱፐርቫይዘር፣ ደመወዝ የምታዘጋጅ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ኪራይ፣ ስልክ፣ የፈቃድ እድሳት። ሃምሳ ሠራተኛ ያለው ኤጀንሲ ለዚህ ሁሉ በወር 40,000 ብር ቢያወጣ፣ ለአንድ ሰው 800 ብር ይደርሳል።

7,600 ላይ 800፤ 8,400 ብር። ይህ ወጪ ብቻ ነው። ትርፍ ገና አልተነሳም!

እስቲ አሁን ወደዚያች «ሃያ በመቶ» እንመለስ። 6,000 ላይ ሃያ በመቶ ሲጨመር ስንት ነው? 7,200። ወጪያችሁ ደግሞ 8,400። በእያንዳንዱ ሰው በየወሩ 1,200 ብር እየከሰራችሁ ነው። ሃምሳ ሰው ካላችሁ በወር 60,000 ብር! በዚህ ላይ ደንበኛው ሲያመሰግናችሁ፣ «አንተኮ ርካሽ ነህ፣ ሃምሳ ሰው ጨምርልኝ» ሲላችሁ ደስ ይላችኋል። ሥራው በሰፋ ቁጥር ኪሳራው ይሰፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ ትክክለኛው ዋጋ ስንት ይሁን? ከምትጠሩት ዋጋ ከስምንት ብር አንዷ ለእናንተ ትትረፍ እንበል። ይህን ስታሰሉ ወጪው ላይ አንድ ስምንተኛ አትጨምሩ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዷ ለእናንተ ከሆነች ወጪው የቀሩት ሰባቱ ናቸው። ስለዚህ 8,400ን ለሰባት አካፍሉ፣ 1,200 ይመጣል። እሱን በስምንት አባዙ። 9,600 ብር። ለደንበኛው የምትጠሩት ዋጋ ይህ ነው፤ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ሳይጨመር።

ደግሜ ልበለው። ደመወዙ 6,000፤ ሙሉ ወጪው 8,400፤ ዋጋው 9,600።

«ከ6,000 ላይ 3,600 ብር! ይሄማ ዝርፊያ ነው» የሚል አድማጭ እንዳለ አውቃለሁ። በጥርጣሬ ማየቱም አይፈረድበትም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በኤጀንሲዎች ላይ ለዓመታት ሲያሰማው የኖረው ቅሬታ አለ፤ ደንበኛው የከፈለውና ሠራተኛው የደረሰው አይገናኝም የሚል። ግን ከ3,600ው ውስጥ 1,600ው መልሶ ለሠራተኛው የሚውል ነው፤ ጡረታው፣ ፈቃዱ፣ በዓሉ፣ ሕመሙ፣ ልብሱ። ዝርፊያው የሚጀምረው ኤጀንሲው ይህን ከደንበኛው ተቀብሎ ለሠራተኛው ሳያደርስ ሲቀር ነው። ፈቃድ የሚሰጣችሁ ቢሮም የሠራተኛውን ድርሻ በተመለከተ የሚያስፈጽመው መመሪያ ይኖረዋል። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ።

(ሙዚቃ፤ ለአፍታ)

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ሰው ነው። ደንበኛው የሚገዛው ግን ሰው አይደለም። ምን ይመስላችኋል የሚገዛው? ሰዓት ነው። ሌሊቱንም ቀኑንም ያለ ክፍተት የሚጠበቅ በር።

ባልደረቦቼ አንድ አጭር ንግግር አዘጋጅተውልናል። ሰዎቹ የታሰቡ ናቸው፤ ንግግሩ ግን በየቢሮው የሚሰማ ነው። አንዱ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፣ ሌላዋ ባለኤጀንሲ።

(የቢሮ ድምፅ፤ ወንበር ሲሳብ)

ሥራ አስኪያጁ፦ እህቴ፣ እኛ የምንፈልገው አንድ ዘበኛ ነው። እርስዎ 33,600 ብር ነው የጻፉት። ዜሮ ተሳስተው ይሆን?

ባለኤጀንሲዋ፦ አልተሳሳትኩም ወንድሜ። በሩ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይጠበቅ?

ሥራ አስኪያጁ፦ ሌሊትም ቀንም ነዋ! ባንክ አይደል እንዴ?

ባለኤጀንሲዋ፦ እሑድስ?

ሥራ አስኪያጁ፦ እሑድማ ይብሳል፤ እኛ የለንም።

ባለኤጀንሲዋ፦ እንግዲያው በሳምንት 168 ሰዓት ነው የጠየቁኝ። በሕጉ የአንድ ሰው መደበኛ ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። 168ን ለ48 ቢያካፍሉት ሦስት ሰው ተኩል ይመጣል። ሦስት ተኩል ጊዜ 9,600 ያልኩት ለዚህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ፦ ሌላ ኤጀንሲ ግን በሁለት ሰው እሸፍናለሁ ብሎናል። ዋጋውም ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ባለኤጀንሲዋ፦ ሃያ አራት ሰዓት አቁሞ ሃያ አራት ሰዓት ሊያሳርፋቸው ነዋ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቆመ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሃያ ሰዓት ሠርቷል። ያን ጊዜ ካዝናዎን የሚጠብቅልዎ እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) ለዋናው መሥሪያ ቤት በዚህ ዋጋ ባቀርብ አያፀድቁልኝም።

ባለኤጀንሲዋ፦ እንግዲያው ሰዓቱን እንቀንስ። ሕንፃው ላይ ሦስት ተከራይ አላችሁ። የሌሊቱን ጥበቃ ለሦስት ብትካፈሉት፣ እርስዎ የሚከፍሉት የቀኑን ሙሉ፣ የሌሊቱን ደግሞ ሲሶውን ይሆናል።

ሥራ አስኪያጁ፦ እሱስ ደግ ሐሳብ ነው። ታች ያለውን የመድኃኒት መደብር ባለቤት ላነጋግራቸው።

(የቢሮው ድምፅ ይጠፋል)

ሴትዮዋ ምን እንዳደረጉ አያችሁ? ዋጋ አልቀነሱም። ለባንኩ የሚሸጡትን ሰዓት ነው የቀነሱት። ለሠራተኛው የሚከፈለው በሰዓት ያው ነው፤ ለእሳቸው የሚተርፈውም ያው ነው። ደንበኛ «ውድ ነው» ሲል በመጀመሪያ የምትነኩት ሰዓቱን ይሁን።

ስለ ሁለቱ ሰዎች ዘዴ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በጣም የተለመደ ነው። ሁለት ሰው 168 ሰዓት ሲካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 84 ሰዓት ይደርሳቸዋል። ከመደበኛው በላይ 36 ሰዓት። «ትርፍ ሰዓት እከፍላለሁ» ብትሉስ? ሕጉ ትርፍ ሰዓትን በሳምንት ከ12 ሰዓት አያሳልፍም። እሱም ቢሆን ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ሥራ፣ የቀረ ሰው ለመተካት ነው እንጂ ለዓመት ሙሉ ፕሮግራም አይደለም። ክፍያውም ቀላል እንዳይመስላችሁ። በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። በሁለት ሰው ርካሽ ዋጋ የሰጠ ኤጀንሲ ይህን እከፍላለሁ ብሎ አስቦ አይደለም። ላለመክፈል ወስኖ ነው ዋጋውን የጻፈው።

እኔ በበኩሌ ደንበኛውንም ከወቀሳ አላወጣውም። በጨረታ ትንሹን ቁጥር ብቻ የሚያይ መሥሪያ ቤት፣ ቁጥሩ እንዴት ሊያንስ እንደቻለ ባይጠይቅም ያውቀዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሠራተኛው ራሱስ ይህን ሁሉ ያውቃል ወይ? ብዙ ጊዜ አያውቅም። 6,000 ተብሎ ተቀጠረ። በወሩ መጨረሻ እጁ የገባው ግን 4,880 ነው። «ኤጀንሲው በላኝ» ይላል። በእርግጥ በላው? እንይ። 7 በመቶ ጡረታ 420 ብር ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያዋ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሆና ከቀሪው ላይ የሚቆረጠው 700 ብር ይሆናል። 420 እና 700፤ 1,120 ብር። ኤጀንሲው ምንም አልወሰደም። ግን የደመወዝ ወረቀት ካልሰጣችሁት በምን ይወቅ? አንዲት ቁራጭ ወረቀት ስጡት። የሚጠራጠር ሠራተኛ ሦስት ወር ሠርቶ ይለቃል፤ እናንተም እንደገና ሰው ፍለጋ፣ እንደገና ዋስ፣ እንደገና የደንብ ልብስ። ያ ሁሉ ወጪ ነው።

(የከበሮና የአሸንዳ ጨዋታ ድምፅ፤ ከሩቅ)

ድምፁን አወቃችሁት? ነሐሴ 16 ቀን አሸንዳ ይገባል። መቀሌ በእንግዳ ትሞላለች። ሆቴሎች የሚያስተናግድ ሰው ያጥራቸዋል። አንድ ሆቴል ደውሎ «ለሦስት ቀን ሃያ አስተናጋጅ አምጡልኝ» ቢላችሁ ስንት ትላላችሁ?

ለወር የምታስከፍሉትን ለሃያ ስድስት የሥራ ቀን አካፍላችሁ በሦስት ታባዛላችሁ? እንዳታደርጉት! ለምን መሰላችሁ? አንዲት አስተናጋጅ ለማግኘት ትደውላላችሁ፣ ታነጋግራላችሁ፣ የጤና ምርመራ ወረቀቷን ታያላችሁ፣ ሸሚዝና ሽርጥ ታዘጋጃላችሁ። ይህ ሁሉ 600 ብር ፈጀ እንበል። ወር ሙሉ ብትሠራ በቀን ሃያ ሦስት ብር ገደማ ነው፣ አይሰማችሁም። ሦስት ቀን ብቻ ብትሠራ ግን በቀን 200 ብር ነው። ሥራው ባጠረ ቁጥር የቀኑ ዋጋ መጨመር አለበት።

አሸንዳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በዓሉ የማን ነው? የልጃገረዶችና የወጣት ሴቶች ነው። ሆቴሉ የሚፈልጋቸው አስተናጋጆች በዚያን ሰሞን ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከእኩዮቻቸው ጋር መጨፈር የሚፈልጉት ራሳቸው ናቸው። በተለመደው የቀን ሒሳብ ትሪ ያዢ ብትሏት ለምን ትመጣለች? ደህና አድርጋችሁ ክፈሏት፤ ያንንም ከሆቴሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወንዶችንም ቀላቅሉ። ሆቴሉ በዋዜማው ደውሎ «ሃያው ቀርቶ አሥራ ሁለት ይበቃኛል» እንዳይላችሁም ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ተቀበሉ።

(የጨዋታው ድምፅ ይርቃል)

አሁን ስለ ገንዘቡ መዘግየት ላንሳ። ሠራተኛው በሠላሳኛው ቀን ደመወዙን ይፈልጋል፤ የቤት አከራዩ አይጠብቀውም። ደንበኛው ግን ደረሰኙን ይቀበላል፣ ወደ ፋይናንስ ይልካል፣ ፋይናንስ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ሁለት ወር ያልፋል።

ሃምሳ ሰው ላለው የምሳሌያችን ኤጀንሲ የደመወዝና የጡረታው ድምር በወር 333,000 ብር ነው። ደንበኛው ሁለት ወር ከዘገየ 666,000 ብር ከየትም ፈልጋችሁ ታቆያላችሁ። በዓመት 18 በመቶ ወለድ ብትበደሩት፣ ወለዱ ለአንድ ሠራተኛ በወር 200 ብር ገደማ ይሆናል። ከዚያች 1,200 ብር ትርፋችሁ ስድስተኛዋ ሄደች። ደንበኛው በክፍያ ላይ የሚቀንሰው ቅድመ ግብር፣ ዊዝሆልዲንግ የምንለው፣ በኋላ ከግብራችሁ ቢታሰብም ለጊዜው እጃችሁ አይገባም። ስለዚህ ሁለት ዋጋ ይኑራችሁ፤ በአሥራ አምስት ቀን ለሚከፍል አንድ፣ በስልሳ ቀን ለሚከፍል ሌላ። ይህን በግልጽ ስትነግሩት ቶሎ መክፈል የሚመርጥ ደንበኛ አለ።

ለመቀሌ ነጋዴ ይህ የመዘግየት ነገር ወለድ ብቻ አይደለም። ሰኔ 2013 ማለቂያ ላይ ባንኩ ተዘግቶ ስልኩም ተቋርጦ ነበር፤ ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ሒሳብ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ማውጣት አልተቻለም። ያን ያየ ሰው ውል ሲጽፍ «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም» የሚለውን አንቀጽ ለጌጥ አይጽፈውም። ባንክ ቢዘጋ በሩ ላይ የቆመው ሰው ምን ይሆናል? ሥራው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ከቀጠለ ዕዳው የማን ነው? ውሉ ላይ ይጻፍ።

የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት «ዋጋው ለሁለት ዓመት የማይለወጥ» ብሎ የፈረመ ኤጀንሲ ጫማውንና የደንብ ልብሱን ጨርቅ በአዲስ ዋጋ እየገዛ በአሮጌ ዋጋ ሸጠ። ሠራተኛውም ኑሮው ሲወደድ ጭማሪ ጠየቀ። ምን ይመልስለት? ስለዚህ በየስድስት ወሩ ዋጋው እንደገና ይታያል የሚል መስመር አስገቡ። ደንበኛው ሊከራከራችሁ ይችላል፤ ይከራከር።

አንድ አጭር ነገርም አለ። ዋጋ ስትጽፉ «ተጨማሪ እሴት ታክስን ሳይጨምር» ብላችሁ ጻፉ። አሥራ አምስት በመቶው ተቀብላችሁ የምታስተላልፉት ነው። ካልጻፋችሁ ደንበኛው «ተጠቃሎ ነው የመሰለኝ» ሊላችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትርፋችሁ ብቻ ሳይሆን ከወጪያችሁም ይሄዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ጨረታ ላይ ብትሸነፉስ? ከ8,400 በታች የገባ ሰው ካሸነፋችሁ እሱን ለመብለጥ አትሞክሩ። ያሸነፈው ምናልባት ጡረታ አያስገባም፤ ወይም በሁለት ሰው ነው የሚሠራው፤ ወይም ሂሳቡን ገና አልሠራውም። በጥቂት ወር ውስጥ ያ ደንበኛ ሊደውልላችሁ ይችላል፣ ጥበቃዎቹ ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው በሩን ትተው ሲሄዱ። ያን ጊዜም ዋጋችሁ 9,600 ነው።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ኤጀንሲ ያላችሁ፣ ካሏችሁ ውሎች አንዱን አውጡ፤ በተለይ የምትወዱትን ትልቁን ደንበኛ። ለአንድ ሰው ጡረታውን፣ የፈቃድ ተተኪውን፣ በዓሉን፣ ሕመሙን፣ ልብሱን፣ የቢሮውን ድርሻ ደምሩና ከምትቀበሉት ጋር አስተያዩ። ኤጀንሲ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ የሳምንት ሰዓታችሁን ቁጠሩ። ከ48 በላይ ነው? ስንት ተከፈላችሁ? ጻፉልን፤ የድርጅቱንም የራሳችሁንም ስም አትጻፉ፣ ሂሳቡ ይበቃናል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስንገናኝ አንድ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀናል። ደንበኛው እናንተ አሠልጥናችሁ የላካችሁለትን ሠራተኛ ወድዶ «ይሄን ልጅ ለራሴ ልቅጠረው» ቢላችሁ፣ ሠራተኛውም «እሺ» ቢል፣ ምን ታደርጋላችሁ? መከልከል ትችላላችሁ? ዋጋስ መጠየቅ ትችላላችሁ? እስከዚያው አስቡበት። ደህና ሰንብቱ።

(የመውጫ ሙዚቃ)